የሒሳብ ዐዋቂ ለመሆን የሚያስብ ወጣት ምን መምረጥ ይገባዋል?



የጥቅምት ወር ገብቶ ቡናው ሲቀላ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በጌራ የብዙው ሰው ሐሳብ በሚዛን ላይ ይውላል። ገበሬው እሸት ቡናውን በጆንያ ተሸክሞ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መፈልፈያ ያስመዝናል፤ መዝጋቢውም ኪሎውንና ዋጋውን በደረሰኝ ጽፎ ይሰጠዋል። ከዚያች ቁራጭ ወረቀት ጀምሮ ለአባላት እስከሚከፋፈለው ትርፍ ድረስ ያለው ጒዞ የሒሳብ ዐዋቂው ኀላፊነት ነው። መዝገቡ በጊዜው ካልተዘጋና ካልተመረመረ፣ ገበሬው ከድካሙ የሚደርሰውን ትርፍ በወቅቱ ሊቀበል አይችልም።

ይህን ነገር ያነሣነው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ከምታገለግሉት መካከል ልጃችሁ ወይም ታናሽ እኅታችሁ «ሒሳብ ልማር» ስትል ምክር የምትጠየቁ ብዙዎች ስለ ሆናችሁ ነው። ራሳችሁም ከሥራ በኋላ ይህንኑ ሙያ የምታጠኑ አትጠፉም።

ለመሆኑ ቻርተርድ የሒሳብ ዐዋቂ ማለት ምን ማለት ነው? ቻርተር ማለት መንግሥት ለአንድ ማኅበር የሚሰጠው የመብት ደብዳቤ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የሚገኘው የኤዲንብራ የሒሳብ ዐዋቂዎች ማኅበር ከንግሥት ቪክቶሪያ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስለ ተቀበለ፣ ስሙ ከዚያ ወጣ። እንግዲህ ይህ ስም የዲግሪ ስም አይደለም፤ በፈተናና በሥራ ልምምድ ተመዝኖ፣ ማኅበሩ የመሰከረለት ሰው የሚጠራበት ስም ነው። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ በደንብ ቁጥር 332/2007 ተቋቁሞ፣ የተመሰከረላቸውን የሒሳብ ዐዋቂዎችና ኦዲተሮች ይመዘግባል፤ ፈቃድም ይሰጣል።

ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተቋቋመው በጅማ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ስፍራ የሒሳብ ዲግሪ መያዝና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ማለፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። በ1904 እ.ኤ.አ. በለንደን የተመሠረተውና በአገራችን ኤሲሲኤ በሚል አጠራር የሚታወቀው ማኅበር፣ ለዓመታት በቆየው ሥርዓቱ 13 ፈተናዎችንና የ36 ወር የሥራ ልምምድን ሲጠይቅ ቆይቷል። ዲግሪ ያለው ሰው ከአንዳንዶቹ ፈተናዎች ነጻ ሊሆን ይችላል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ክፍያውም በእንግሊዝ ፓውንድ የሚተመን ስለ ሆነ፣ በደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ አስቀድሞ ሊመክርበት ይገባል። ደንቡም በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ከመመዝገብ በፊት በጊዜው የሚሠራበትን መመልከት ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ግን የልምምዱ ነገር ነው። ልምምዱ የሚቈጠረው፣ ሙያው ያለው ኀላፊ ተቈጣጥሮ ሲመሰክርለት ነው። አብዛኞቹ የኦዲት ድርጅቶች ደግሞ በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ ናቸው። ስለዚህ ወጣቱ ለመጀመሪያ ሥራው ሲቀጠር፣ «ደመወዙ ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ሥራዬን አይቶ የሚመሰክርልኝ ባለሙያ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ብልህ ነው። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነውና። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ ሳይጠይቁ ያለፉትን ዓመት መመለስ አይቻልም።

ይህን ስንል የቡናው አገር ለሙያው አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። ከ5 እስከ 6 ኪሎ ከሚሆን ቀይ እሸት 1 ኪሎ ያህል የታጠበ ጥሬ ቡና ይገኛል። አንድ ማኅበር 60,000 ኪሎ እሸት ገዛሁ ብሎ መዝግቦ፣ በመጨረሻ 7,000 ኪሎ ጥሬ ቡና ብቻ ቢያሳይ፣ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ድምሩ ልክ መሆኑን አይቶ ያልፈዋል። በመፈልፈያው አጠገብ ያደገው ግን ቢያንስ 10,000 ኪሎ መገኘት እንደ ነበረበት ያውቃልና፣ «የቀረው ወዴት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ምናልባት የሚዛን ስሕተት ይሆናል፤ ምናልባትም ሌላ። ይህን ዕውቀት ማንም ፈታኝ አያስተምርም።

እንግዲህ ምክር ስትጠየቁ ሦስቱን ነገሮች አብራችሁ አመልክቱ፤ ይኸውም ዲግሪውን፣ የማኅበሩን ፈተናና ምስክር የሚገኝበትን ሥራ ነው። አንዱን ብቻ የያዘ ከመንገድ ይቀራል። ሦስቱንም በትዕግሥት የፈጸመ ግን፣ በመዝገቡ ግርጌ ስሙን ሲፈርም፣ ደረሰኟን በኪሱ ይዞ የሚጠብቀው ገበሬ የሚያምነው ሰው ይሆናል።