በልጆች ተረት ውስጥ ስለ ተማሪ ስፍራ

ለሕፃናት የሚጻፍ ተረት ለጨዋታ ብቻ የተሠራ መስሎ ቢታይም፥ ሕፃኑ ማንን ማክበር ማንንስ መናቅ እንደሚገባው አስቀድሞ የሚማረው ከዚሁ ነው። በብዙው ተረት ጀግናው ፈረስ ጋላቢና ጦር ወርዋሪ ሲሆን፥ መጽሐፍ ወዳዱ ግን ከጀግናው አጠገብ ለመሣቂያ የቆመ ፈሪ፥ ሆዳም ወይም ተንኰለኛ ሁኖ ይገኛል። ተማሪ ሲባል ርኃብተኛ፥ ደብተራ ሲባል መተተኛ እየተባለ የሚወራውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ወሬ እውነቱን የሸፈነ መሆኑን ለመረዳት፥ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ዙሪያ ያለውን አገር ማየት ይበቃል። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በጋይንት ቤተልሔም በድጓ፥ ዙር አምባም በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ ናቸው፤ ወደ ደቡብ በጎጃም ደግሞ ዋሸራ በቅኔ ስሙ የተጠራ ነው። ወደነዚህ ጉባኤዎች የሚሄደው ልጅ ገና በለጋነቱ ከእናቱ ቤት ተለይቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውንና ዱላውን ይዞ፥ ያለ ስንቅ አገር ያቋርጣል። ቀን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፥ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ይለምናል፤ ሌሊት በሣር ጎጆው የተቀበለውን ቃል ያጠናል። እንግዲህ ይህ ልጅ ፈሪ ከተባለ፥ ደፋር የሚባለው ማን ሊሆን ነው?

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሲሆኑ፥ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ተዋግተው፥ ተማርከው በጠላት አገር ታስረዋል። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን የተረት መጽሐፍ አሳተሙ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ጉዱ ካሣ የሚባለውን ሰው ከዋናዎቹ ባለታሪኮች አጠገብ አቆሙት። መጽሐፉ ለአዋቂዎች የተጻፈ ቢሆንም ምሳሌነቱ ለልጆች ደራሲ ይጠቅማል፤ ጉዱ ካሣ የተማረ ሰው ነው፥ ትምህርቱም የጌቶችን ግፍ በግልጽ እንዲናገር አደረገው እንጂ አላስፈራውም። ስለዚህም ሰዎች «ጉዱ» አሉት።

ሴቶች ልጆችም ከዚህ ነገር ሊለዩ አይገባም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሳሉ በጎጃም ቅኔ ተምረው መምህርት ሆነዋል። በውጭ አገርም እንግሊዛዊትዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ባሳተመችው የልጆች መጽሐፍ፥ ሄርማዮኒ የምትባለውን መጽሐፍ ወዳድ ልጅ የጀግናው ባልንጀራ አድርጋ አቅርባለች። ይህችም ልጅ ሲስቁባት የነበሩትን ባልንጀሮችዋን ከቅጣት ለማዳን ጥፋቱን በራስዋ ላይ ወሰደች።

ነገር ግን ተማሪውን ያለ ነውር ቅዱስ አድርጎ መጻፍም ሌላ ሐሰት ነው። ሄርማዮኒ ዕውቀትዋን ማሳየት ታበዛለች፤ የቆሎ ተማሪም ተንኰልና ቀልድ አያጣም። የሚፈለገው ሰው ሁኖ እንዲታይ ብቻ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ሹማምንት ለልጆች የሚታተመውን ሲመረምሩ፥ ተማሪው በተረቱ ውስጥ ምን ሥራ እንደ ተሰጠው ይጠይቁ። የጉባኤን ኑሮ ያዩ ካህናትም የተማሪነታቸውን ነገር ለደራስያን ይንገሩ። መጽሐፍ የያዘ ልጅ በተረት ሁሉ ሲሣቅበት የሰማ ሕፃን፥ መጽሐፍ ለመያዝ ያፍራልና።