“የኔ ልጅ፣ ይህን ያለው ማነው?”

ባለፈው ክረምት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ወገናችን የአርባ መታሰቢያ ላይ ተገኝቼ ነበር። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ምሳው ከተበላ በኋላ የሟች የልጅ ልጅ ተነስቶ ከስልኩ ላይ ግጥም አነበበ። ግጥሙ ቤት ይመታል፣ ቃላቱ ያምራሉ፣ “አንበሳው”ም “ዋርካው”ም አለበት። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ እንባቸውን የጠረጉም ነበሩ።

ንባቡ ሲያበቃ፣ በወጣትነታቸው አገር ቤት ሙሾ ያወርዱ የነበሩ አንዲት እናት ከተቀመጡበት ጥግ፣ “የኔ ልጅ፣ ይህን ያለው ማነው?” ሲሉ ጠየቁ።

ልጁ አልዋሸም። “ኮምፒውተሩ ነው እማማ፤ እሱ ነው የጻፈልኝ” አለ።

እማማ ጥቂት ዝም ብለው፣ “ታዲያ አያትህን የት ያውቃቸዋል?” አሉት።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎትና ስለ ኪነ ጥበብ ብዙ ተጽፏል። በእኔ በኩል ከእማማ ጥያቄ የተሻለ አላገኘሁም።

ቻትጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ግጥምም ሆነ ደብዳቤ በሰከንዶች ማጻፍ ተራ ነገር ሆኗል። አሠራሩ ተአምር አይደለም። ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቢመጣ እንደሚስማማ እያሰላ ይቀጥላል። “ሐዘን” ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚውል አሳምሮ ያውቃል። ያዘነበት ቀን ግን የለም።

የእኛ አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ቤተሰቡን ትጠይቃለች። የማን ልጅ ነው? ምን ሠራ? ማንን አስጠጋ? ሟቹ ወገናችን አንበሳም ዋርካም አልነበሩም። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው አራት ልጆች ያስተማሩ፣ በረዶ ሲጥል እንኳ ከስቴት ዲፓርትመንት ደጃፍ ሰልፍ የማይቀሩ፣ መፈክር ሲያሰሙ ድምፃቸው የሚሰነጠቅ ሰው ነበሩ። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ በግጥሙ ውስጥ አልነበረም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ቦሪስ ኤልዳግሰን የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2023 በታወቀው የሶኒ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ውድድር አሸናፊ ሲባል፣ ምስሉ በማሽን የተሠራ መሆኑን ገልጾ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። በዚያው ዓመት የሆሊውድ ጸሐፊዎች 148 ቀን ሥራ አቁመው፣ ማሽን ደራሲ ተብሎ እንዳይቆጠር በውላቸው ላይ አስፈርመዋል። የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ፍርድ ቤትም በነሐሴ 2023 ደራሲው ሰው ያልሆነ ሥዕል የቅጂ መብት አያገኝም ሲል ፈረደ፤ የይግባኝ ችሎቱ በመጋቢት 2025 ፍርዱን አጸናው። ዳኞቹም በሌላ ቋንቋ የጠየቁት “ይህን ያለው ማነው?” ብለው ነው።

ሌላም ቅሬታ አለ። በጥር 2023 ሦስት ሠዓሊዎች፣ ሥዕሎቻችን ያለ ፈቃዳችን ለማሽን መማሪያ ሆነዋል ሲሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሥርተዋል። በአገራችን ቅኔ “ይዘረፋል” ይባላል። የቅኔ ዘረፋ ግን ከሌላው መንጠቅ አይደለም። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ሲቆጥር ይውልና ማታ በመምህሩ ፊት ይቀርባል። ትናንት ሌላው ያለውን ይዞ ቢመጣ ያፍራል። የራሱን ከራሱ ነው የሚዘርፈው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቃል ባለቤት አለው ስንል ክብሩን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም የሚሸከም ሰው አለ ማለታችን ነው። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሳለ፣ በኤርትራው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ያየውን “ኦሮማይ” በተሰኘው ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1984 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ዛሬ አንድ ማሽን የ“ኦሮማይ”ን ዓይነት ልብ ወለድ ጻፍ ቢባል ይጽፍ ይሆናል። ግን ማን ከሥራ ያባርረዋል? ማን ደጃፉ ላይ ይጠብቀዋል? አምባገነኖች የሚፈሩት ቃሉን ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን መሰብሰብ ይበቃቸው ነበር። “እኔ ነኝ ያልኩት” የሚለውን ሰው ነው የሚፈሩት።

ይህን ስል መሣሪያው ይሰበር ማለቴ አይደለም። ፎቶግራፍ ሲመጣም ሥዕል ሞተ ተብሎ ነበር፤ አልሞተም። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ወላጆቻችን ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቢያጽፉበት ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ሐዘናችንን፣ ፍቅራችንንና ተቃውሟችንንም ካስጻፍነው እኛ የቀረን ምንድን ነው? ማንም ያልጻፈው የተቃውሞ መግለጫ ማንን ያስደነግጣል?

በዚያ ዕለት እማማ ልጁን አልተቆጡትም። አጠገባቸው አስቀምጠው፣ “እስቲ አንተ የምታውቀውን ንገረን” አሉት። ልጁ አሜሪካ የተወለደ ነው፤ አማርኛው ይሰባበራል። እንዲህ አለ፦ “አያቴ ከሥራ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ ሬዲዮ ይከፍት ነበር። የኢትዮጵያ ዜና እስኪያልቅ ማንንም አያናግርም። አንድ ቀን ሲያለቅስ አየሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።”

ቤት አይመታም። ሟቹን የምናውቅ ሁሉ ግን ኮታቸውን እንደለበሱ ከሬዲዮው ፊት ተቀምጠው አየናቸው። እማማም በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠርገው፣ “አሁን አልክ” አሉት።

ነፍስ ይማር። ቸር እንሰንብት።