በቤንዚን የሚጥለቀለቅ ካርቡራቶር፦ ለብልሽት ፍለጋ ትምህርት የሚያገለግል ምሳሌ

ሱፐርቫይዘር ወደ ሩቅ ትምህርት ቤቶች የሚወጣበት ሞተር ብስክሌት ከካርቡራቶሩ ቤንዚን ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ የጉብኝቱ መርሐ ግብር የሚስተጓጎለው አብዛኛውን ጊዜ በብልሽቱ ክብደት ሳይሆን በፍለጋው ሥርዓት ማጣት ነው። አንዱ ካንዴላ ይለውጣል፤ ሌላው ያገኘውን ብሎን ሁሉ ያዞራል፤ ሦስተኛው አዲስ ካርቡራቶር እንዲገዛ ያሳስባል። የችግሩ መንሥኤ ግን ከአንዲት የአሸዋ ቅንጣት ላይበልጥ ይችላል። መሣሪያው ትንሽ፣ አሠራሩ በዓይን የሚታይ፣ የብልሽቱም ምክንያቶች በቁጥር ውስን በመሆናቸው፣ ተማሪው ከግምት ወደ ማስረጃ የሚሸጋገርበትን መንገድ ለማስተማር እንደዚህ የተመቸ ጉዳይ በቀላሉ አይገኝም።

ቤንዚኑ ከሰልባትዮው በራሱ ክብደት ወርዶ ከካርቡራቶሩ ሥር ወዳለው ጽዋ ይገባል። በጽዋው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከቤንዚኑ ጋር ከፍ ሲል ሹል መርፌን ወደ መቀመጫዋ እየገፋ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሞተሩ ቤንዚን ሲወስድ ደግሞ ዝቅ ብሎ መንገዱን ይከፍታል። በመጸዳጃ ቤት የውሃ ሳጥን ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ዊልሄልም ማይባኽ እ.ኤ.አ. በ1893 ያቀረበው ቤንዚን ረጪ ካርቡራቶርም ደረጃውን የሚጠብቀው በተንሳፋፊ ነበር። እንግዲህ መጥለቅለቅ ማለት መርፌዋ መዝጋት በሚገባት ጊዜ አለመዝጋቷ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር ሲሠራ፣ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ይህ የማስተካከያ ጉዳይ እንጂ መጥለቅለቅ አይደለም። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቤንዚን ወደ ውጭ የሚፈስ ከሆነ ግን ከፍታው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ፍለጋው የሚጀምረው ምንም ነገር ሳይፈታ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ብስክሌቱ ደጅ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ወደ ጎን ያዘነበለ ካርቡራቶር ጤነኛ ሆኖም ሊያንጠባጥብ ይችላልና። ከዚያም ቤንዚኑ የሚወጣበት ቦታ ይታይ። ከጽዋው መጋጠሚያ ዙሪያ የሚያረጥብ ከሆነ ጥፋቱ የጓርኒሲዮኑ ነው። ከትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ የሚወርድ ከሆነ ግን የቤንዚኑ ደረጃ ከልክ አልፏል ተብሎ ይጠረጠራል። የሰልባትዮው መዝጊያ ሲዘጋ ፍሰቱ ጥቂት ቆይቶ ካልቆመ መዝጊያውም ያፈሳል ማለት ነው፤ ይህ ግን ሁለተኛ ብልሽት እንጂ የመጀመሪያው ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ ጽዋው በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ተብሎ ይንኳኳ። ፍሰቱ ከቆመ መርፌዋ በቆሻሻ ተይዛ ወይም ተንሳፋፊው ተጣብቆ ነበር። የጽዋው ቤንዚን በማፍሰሻው ብሎን በኩል ወደ ብርጭቆ ሲወርድ ከሥሩ የውሃ ጠብታ ወይም የዝገት ዱቄት ከታየ፣ የቆሻሻው ምንጭ ሰልባትዮው ነው፤ እርሱ ሳይጸዳ ካርቡራቶሩን ብቻ ማጠብ ሥራውን ለሚቀጥለው ሳምንት ማቆየት ነው።

ጽዋው ሲፈታ የመርፌዋ ጫፍ በደንብ ይመርመር። ዙሪያውን የተቆረጠ ቀለበት መሰል ምልክት ካለበት መርፌዋ አልቃለች። መቀመጫዋ በለስላሳ ጨርቅ ይወለወል እንጂ በሽቦ አይፋቅ። ከነሐስ የተሠራ ተንሳፋፊ በጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ፈሳሽ ከተሰማበት ተበስቷል፤ በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀዳዳው በአረፋ ይታወቃል። ብዙ ሠራተኞች የሚቸኩሉት የተንሳፋፊውን ምላስ አጥፈው ደረጃውን ዝቅ ለማድረግ ነው። መርፌዋና መቀመጫዋ ሳይመረመሩ ምላሱን ማጠፍ ግን በአንድ ብልሽት ላይ ሌላ መጨመር ይሆናል፤ የቀድሞው ልክ አንዴ ከጠፋ ያለ አምራቹ መጽሐፍ አይገኝምና።

በቀላሉ የሚዘነጋ አንድ ምክንያት አለ። በአንዳንድ ካርቡራቶሮች ትርፉን የሚያወጣው የነሐስ ቱቦ በጽዋው ውስጥ ቆሞ ይገኛል። ይህ ቱቦ ከተሰነጠቀ መርፌውም ተንሳፋፊውም ደህና ሆነው ሳለ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ማረጋገጫው ጽዋውን ለብቻው ይዞ፣ የማፍሰሻው ብሎን ጠብቆ፣ ከቱቦው አፍ ዝቅ እስኪል ድረስ ውሃ መሙላትና ከሥር የሚወርድ መኖሩን ማየት ነው።

ችላ የተባለ መጥለቅለቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባከነው ቤንዚን ይልቃል። ቤንዚኑ በአየር መግቢያው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ በፋሻዎቹ መካከል እየሾለከ፣ በባለ አራት ምት ሞተር ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የቀጠነ ዘይት ሞተሩን ይበላዋል። ስለዚህ የዘይቱ ልክ ከፍ ብሎ ወይም የቤንዚን ሽታ ይዞ ከተገኘ ዘይቱ ሳይለወጥ ሞተሩ መነሣት የለበትም። የእሳቱም አደጋ አለ፤ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተንፏቆ ርቆ ካለ ከሰል ወይም ሲጋራ ሊደርስ ይችላል። በሥራው ቦታ አሸዋ ይዘጋጅ፤ በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ አይደፋም።

ለክፍል ትምህርት ቤንዚን አያስፈልግም። ከአገልግሎት የወጣ አንድ ካርቡራቶር፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቆርቆሮና ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ይበቃሉ፤ በቤንዚን ፋንታ ውሃ ይሞላል። ቱቦው በማፍሰሻው ላይ ተሰክቶ ወደ ላይ ሲያዝና ብሎኑ ሲላላ፣ በጽዋው ውስጥ ያለው ደረጃ በቱቦው ላይ ይነበባል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ተንሳፋፊውን ቀደም ብሎ ያነሣዋል፤ ደረጃውም ዝቅ ብሎ ይገኛል። መምህሩ ይህን አስቀድሞ ከመናገር ይልቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ምክንያቱን እንዲፈልጉ ቢተው ከፊዚክስ ትምህርት ጋር ይገናኛል። ከሥራው በኋላ ክፍሎቹ በሚገባ ይድረቁ። ለፈተናም አንዱ ካርቡራቶር በመርፌው መቀመጫ ላይ የክር ቁራጭ፣ ሁለተኛው የታጠፈ ምላስ፣ ሦስተኛው የተሰነጠቀ ቱቦ ይዞ ቢቀርብ፣ ነጥቡ የሚሰጠው ጥፋቱን በማግኘት ብቻ ሳይሆን ተማሪው የትኛውን ምክንያት በየትኛው ሙከራ እንዳስወገደ በተራ በመዘገበበት ወረቀት ይሆናል።