የትናንቱ ጀግና ወይስ የዛሬው ብርቱ? ለታላቅ ውድድር መመረጥ የሚገባው ማን ነው?

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት የካርቱም የንግድ እምብርት በነበረው ሱቅ ዐረቢ፣ ኢትዮጵያውያን ቡና ለመጠጣት በሚሰባሰቡባቸው ስፍራዎች ከአገር ቤት የሚመጣ ወሬ አይጠፋም ነበር። የኦሊምፒክ ዓመት ሲመጣ ደግሞ አንድ ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳ ነበር፦ ቀነኒሳ ይሰለፋል ወይስ አይሰለፍም?

እአአ በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ሱቅ ዐረቢን አውድሞ፣ በዚያ ይሠሩ የነበሩትን ኢትዮጵያውያንም በትኗል። ጥያቄው ግን አልተበተነም። አገሩን ለዓመታት ያኮራ፣ ዛሬ ግን ጉዳትና ዕድሜ የተጫኑት አትሌት በብሔራዊ ቡድን ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል? ወይስ ቦታው ስሙ ገና ላልገነነው፣ በወቅታዊ ብቃቱ ለተሻለው ወጣት ነው?

ጥያቄው የስሜት ብቻ አይደለም። በኦሊምፒክ ማራቶን አንድ አገር በእያንዳንዱ ፆታ ማሰለፍ የምትችለው ቢበዛ ሦስት አትሌቶችን ነው። በርካታ ፈጣን ሯጮች ባሏት ኢትዮጵያ ለአንዱ የተሰጠ ቦታ ከሌላው የተወሰደ ቦታ ነው። ለተነፈገውም ዕድሉ ቢመለስ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የማይመለስላቸውም ብዙ ናቸው።

የቀነኒሳ ሦስት ምርጫዎች

ቀነኒሳ በቀለ በ10 ሺህ ሜትር በአቴንስ 2004፣ በቤጂንግ 2008 ደግሞ በ5 ሺህ እና በ10 ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቷል። በ10 ሺህ ሜትር ከ2003 እስከ 2009 አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2004 እና በ2005 ያስመዘገባቸው የ5 ሺህ እና የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኖች በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ እስከተሻሻሉበት 2020 ድረስ ጸንተው ቆይተዋል።

ከ2009 በኋላ ግን የጡንቻ ጉዳት በተደጋጋሚ ፈትኖታል። በለንደን 2012 በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ወደ ማራቶን ፊቱን ካዞረ በኋላም ብቃቱ ከፍና ዝቅ እያለ ዘልቋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሦስት ጊዜ ስለ እርሱ መወሰን ነበረበት፤ ሦስቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው ትምህርት አላቸው።

የመጀመሪያው ለሪዮ 2016 የተደረገው ምርጫ ነው። ቀነኒሳ በዚያ ዓመት ሚያዝያ በለንደን ማራቶን በ2፡06፡36 ሦስተኛ ቢወጣም ከቡድኑ ውጭ ሆነ፤ ቅሬታውንም በይፋ አሰማ። የተመረጡት ተስፋዬ አበራ፣ ለሚ ብርሃኑ እና ፈይሳ ሌሊሳ በዚያው ዓመት በዱባይ፣ በቦስተን እና በቶኪዮ ያሸነፉ ነበሩ። ፈይሳም በሪዮ የብር ሜዳልያ አገኘ። ነገር ግን ኦሊምፒኩ ከተጠናቀቀ ከሳምንታት በኋላ ቀነኒሳ በርሊን ላይ በ2፡03፡03 አሸነፈ፤ ያኔ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የዘገየው በስድስት ሰከንድ ብቻ ነበር። ውሳኔው በተሰጠበት ወቅት ትክክል የሚመስል፣ ከሳምንታት በኋላ ግን የሚያጠያይቅ ሆነ።

ሁለተኛው የቶኪዮ ነው። ፌዴሬሽኑ በግንቦት 2021 መባቻ በሰበታ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ አዘጋጀ። በ2019 በርሊን ላይ 2፡01፡41 የሮጠው ቀነኒሳ ማጣሪያው ለኦሊምፒኩ እጅግ የቀረበ መሆኑን ተቃውሞ ሳይሳተፍ ቀረ፤ ከቡድኑም ውጭ ሆነ። በማጣሪያው የተመረጡት ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳ እና ሲሳይ ለማ ሦስቱም በሳፖሮ የተካሄደውን የኦሊምፒክ ማራቶን አቋርጠው ወጡ።

ሦስተኛው የፓሪስ 2024 ምርጫ ነው። ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ በለንደን ማራቶን በ2፡04፡15 ሁለተኛ ወጣ፤ ይህም ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆኑ ሯጮች ማንም ያልደረሰበት ሰዓት ነበር። በዚህ ጊዜ ቦታ አገኘ። ሲሳይ ለማ እና ደሬሳ ገለታ አብረውት ሲመረጡ፣ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ።

ተጠባባቂው ወርቅ ሲያመጣ

ውድድሩ ሁለት ሳምንታት ገደማ ሲቀሩት ሲሳይ በጉዳት ወጣ፤ ታምራት ተተካ። ነሐሴ 10 ቀን 2024 ታምራት የፓሪስን ማራቶን በ2፡06፡26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ደሬሳ አምስተኛ ሆነ። ቀነኒሳ በ2፡12፡24 ሠላሳ ዘጠነኛ ሆኖ ገባ።

ታዲያ የቀነኒሳ መመረጥ ስህተት ነበር? ብዙዎች ከውጤቱ ተነስተው "አዎ" ይላሉ። ይሁንና ምርጫ የሚመዘነው በምርጫው ዕለት በታወቀው ነገር እንጂ ከዚያ በኋላ በሆነው አይደለም። ከኦሊምፒኩ አራት ወር ገደማ በፊት በለንደን ሁለተኛ የወጣ ሯጭ በስሙ ብቻ ተመረጠ ማለት አይቻልም። ያ ውጤት የትናንት ዝና ሳይሆን የወቅቱ ማስረጃ ነበር።

የሚያስተምረው የታምራት ተጠባባቂ መሆን ነው። ታምራት በ2022 በዩጂን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2023ም ድልድዮችና አቀበቶች የሚበዙበትን የኒው ዮርክ ማራቶን በ2፡04፡58 በመሮጥ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። የለንደን መንገድ በአብዛኛው ሜዳ ነው። የፓሪሱ ደግሞ በድምሩ ከ430 ሜትር በላይ የሚያስወጣ፣ በቁልቁለቱም እግር የሚፈትን ነበር። ሰዓትን ብቻ የሚያይ መራጭ ከታምራት በፊት የሚያስቀድማቸው ነበሩ፤ የውድድሩን መንገድ አስቀድሞ ያየ ግን ታምራትን ከተጠባባቂነት ያወጣው ነበር። እንግዲህ "አሮጌው ወይስ ወጣቱ?" የሚለው ክርክር ትክክለኛውን ጥያቄ ሸፍኖታል ማለት ይቻላል። ትክክለኛው ጥያቄ "ለዚህ ውድድር የሚመጥነው ማን ነው?" የሚለው ነበር።

ታሪክ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል

በኢትዮጵያ የአትሌቲክስ ታሪክ ለነባሩ የሚሟገትም፣ ለአዲሱ የሚከራከርም ምስክር አያጣም።

አበበ ቢቂላ ለቶኪዮ 1964 ሲዘጋጅ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከሳምንታት በኋላ ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ አገኘ። በሜክሲኮ 1968 ግን ጉዳት ይዞ ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ያን ቀን ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነበር። ማሞ ራሱ በሙኒክ 1972 በ40 ዓመቱ ተመርጦ ነሐስ አግኝቷል። ደራርቱ ቱሉም ከባርሴሎና 1992 ድሏ በኋላ በአትላንታ አራተኛ ወጥታ ነበር፤ ከጉዳትና ከወሊድ ተመልሳ በሲድኒ 2000 ዳግም በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አሸነፈች።

ከሁሉ የሚታወሰው የአቴንሱ 10 ሺህ ሜትር ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በተረከዝ ጅማት ሕመም ውስጥ ሆኖ ተሰለፈ። ቀነኒሳ እና ስለሺ ስህን በሩጫው መካከል ወደ ኋላ እየዞሩ እንዲደርስባቸው ጠበቁት። ሊደርስባቸው አልቻለም፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆኑ። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ይህ ለታላቅ የሚሰጥ ክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ክብሩን የሰጡት ሯጮቹ ራሳቸው፣ በራሳቸው ውድድር ላይ ነው። አንድ የምርጫ ኮሚቴ ተመሳሳይ ክብር ልስጥ ቢል የሚሰጠው የራሱን ሳይሆን የሌላ ሯጭን ቦታ ነው።

ብስክሌተኞቹም ይህን ያውቁታል

በታላላቅ የብስክሌት ውድድሮች ምርጫውን የሚያደርገው አገር ሳይሆን ቡድን ነው፤ ፈተናው ግን አንድ ነው። ብሪታኒያዊው ማርክ ካቬንዲሽ በ2021 ብዙዎች አበቃለት ባሉበት ጊዜ፣ በጉዳት በወጣ የቡድኑ አባል ምትክ ለቱር ደ ፍራንስ ተጠራ። አራት ዙር አሸንፎ የኤዲ መርክስን የ34 ድሎች ክብረ ወሰን ተጋራ። በቀጣዩ ዓመት ያው ቡድን እርሱን ትቶ ወጣቱን ፋቢዮ ያኮብሰንን መረጠ፤ ያኮብሰንም አንድ ዙር አሸነፈ። ካቬንዲሽ በሌላ ቡድን በሐምሌ 2024፣ በ39 ዓመቱ፣ 35ኛ ድሉን አስመዝግቦ ክብረ ወሰኑን ብቻውን ያዘ።

አራት ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ክሪስ ፍሩም በበኩሉ በ2019 ከደረሰበት ከባድ አደጋ በኋላ ወደ ቀድሞ ብቃቱ አልተመለሰም፤ በ2023 ቡድኑ ከቱሩ ውጭ አደረገው። ሁለቱም አንጋፋዎች ነበሩ፤ አንዱ ተመለሰ፣ ሌላው አልተመለሰም። ስምና ዕድሜ ብቻውን ማንኛው እንደሚመለስ አይናገርም።

የመምረጫ መንገዶቹ ምን ይመስላሉ?

አገሮች በአጠቃላይ ሁለት መንገድ ይከተላሉ። አንደኛው በአሜሪካ እንደሚደረገው የአንድ ቀን ማጣሪያ ነው። ሚኒማውን ካሟሉት መካከል ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ይሄዳሉ፤ የትናንት ስም ዋጋ የለውም። ግልጽነቱ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ያን ዕለት የታመመ ሻምፒዮን መቅረቱ ነው። ከዚህም በላይ የማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንጂ ደጋግሞ ሊሮጥ ስለማይችል፣ ለኦሊምፒክ የቀረበ ማጣሪያ ለኦሊምፒኩ የተቆጠበውን ጉልበት ይበላል። ቀነኒሳ በ2021 ያነሳው ቅሬታ ይኸው ነበር።

ሁለተኛው በኮሚቴ ውሳኔ መምረጥ ነው። ኬንያ ለፓሪስ ኤሊዩድ ኪፕቾጌን የመረጠችው በዚህ መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ የሆነው ኪፕቾጌ በዚያ ዓመት በቶኪዮ ማራቶን አሥረኛ ወጥቶ ነበር፤ በፓሪስም አቋርጦ ወጣ። የኮሚቴ ምርጫ መንገዱን፣ የአየሩን ሁኔታና የሯጩን ጤንነት ለማመዛዘን ያስችላል። መስፈርቱ አስቀድሞ ካልታወቀ ግን ለዝና፣ ለዝምድናና ለጫና በር ይከፍታል።

ጎረቤት ሱዳን ከዚህ ጭንቀት ነፃ ነበረች ማለት ይቻላል። በቤጂንግ 2008 በ800 ሜትር ኢስማኢል አሕመድ ኢስማኢልም፣ የወቅቱ ኮከብ አቡበከር ካኪም ተሰልፈዋል። የተጠበቀው ካኪ በግማሽ ፍጻሜ ሲቀር፣ ለሱዳን የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያስገኘው ኢስማኢል ነው። ካርቱም ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብትባል ኖሮ የብሩ ሜዳልያ ቤቱ በቀረ ነበር።

ታዲያ ይገባዋል?

ያለፈ ድል ቦታ የማግኘት መብት አይሰጥም፤ ቦታ የሚያስከለክል ምክንያትም አይሆንም። አንጋፋ ሯጭ ከወጣቱ የሚለይበት ጥቅም አለው፤ የታላቅ ውድድርን ጫና ያውቀዋል። ይህ ሚዛን ሊደፋ የሚችለው ግን ሁለቱ በወቅታዊ ብቃት ሲቀራረቡ እንጂ ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን አይደለም።

በዚህ ሚዛን ቀነኒሳ ለፓሪስ መመረጡ የሚያሳፍር አልነበረም፤ በሪዮ መቅረቱም ግፍ አልነበረም። በሁለቱም ጊዜ አድማጩን ያስቆጣው አትሌቶቹና ሕዝቡ ውሳኔው በምን መስፈርት እንደሚሰጥ አስቀድመው በግልጽ አለማወቃቸው ነው። መስፈርቱ ከዓመት በፊት ቢነገር፣ የሚቆጠሩት ውድድሮችና የሚሮጥበት መንገድ ክብደት ቢገለጽ፣ የቀረውም ሯጭ ለምን እንደቀረ ያውቃል። የተጠባባቂነት ቦታም የማስተዛዘኛ ስጦታ ሳይሆን እንደ ሌሎቹ በጥንቃቄ የሚሞላ ቦታ ይሆናል። የፓሪሱ ወርቅ የመጣው ከዚያ ቦታ ነውና።

ታምራት ካሸነፈ በኋላ ቦታውን የለቀቀለትን ሲሳይን አመስግኗል። የሲሳይ እግር ባይጎዳ ኖሮ የዚያ ቀን አሸናፊ ውድድሩን በቴሌቪዥን ይመለከት ነበር።