«በድያለሁ» ከተባለ በኋላ፦ ኑዛዜ፣ ካሳና ስርየት

በአምልኮ ማብቂያ ላይ፣ በተለይም በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ መድረክ ላይ የቆመ አገልጋይ «ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ» ሲል ሰምተው ያውቃሉ። ልማዱ መልካም ነው፤ ትሕትናን ያስተምራል። ነገር ግን የተበደለው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ በደሉም ምን እንደ ሆነ አልተነገረም። ከባድ ጥፋት የሠራ ሰው በዚህ ጥላ ሥር ሊሸሸግ ይችላል። እርስዎ መጋቢ ከሆኑ ወይም ለመሆን የሚማሩ ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ቢሮዎ መጥቶ መቀመጡ አይቀርም። ምናልባትም ሰውየው እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ።

ሁለት ነገሥታት አንድ ቃል ተናግረዋል። ሳኦል በ1ኛ ሳሙኤል 15፣ ዳዊትም በ2ኛ ሳሙኤል 12 «ሐጣቲ»፣ «በድያለሁ» ብለዋል። ልዩነቱ ከቃሉ ቀጥሎ በመጣው ነገር ነው። ሳኦል ሕዝቡን ፈርቶ እንዳደረገው ያስረዳል፤ በቁጥር 30 ቃሉን ከደገመ በኋላ ደግሞ ሳሙኤል በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ይለምናል። የዳዊት መልስ በዕብራይስጥ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ቤርሳቤህን አልከሰሰም፤ ዙፋኑ ምን እንደሚሆንም አልጠየቀም።

በ1ኛ ዮሐንስ 1፥9 «መናዘዝ» ተብሎ የተተረጐመው የግሪክ ግሥ «ሆሞሎጌዎ» በሥርወ ቃሉ «ያንኑ መናገር» ማለት ነው። (ሥርወ ቃልን ማጋነን አደገኛ መሆኑን ለተማሪዎቼ ዘወትር እነግራለሁ፤ እዚህ ግን ኀጢአት የለብንም ስለሚሉ ሰዎች ከሚናገሩት ከቁጥር 8 እና 10 ጋር ይስማማል።) እግዚአብሔር ስርቆት ያለውን እኛ «የአሠራር ክፍተት» ካልን፣ ገና አልተናዘዝንም።

በመዝሙር 51፥4 ዳዊት የበደለው እግዚአብሔርን ብቻ እንደ ሆነ ሲናገር፣ «ኦርዮስ?» ብለው የማይጠይቁኝ ተማሪዎች የሉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ዳዊት በቁጥር 14 ከደም ዕዳ እንዲያድነው ይለምናል፤ ሟቹን አልረሳውም። ናታንም ኦርዮን መግደሉን የእግዚአብሔርን ቃል ከመናቅ ጋር አያይዞታል። የተበደለ ሰው ባለቤት አለው፤ እርሱን የነካ ባለቤቱን ነክቷል። ቁጥር 16 ከዚህ ጋር መነበብ አለበት። በዘኍልቍ 35፥31 መሠረት ለነፍሰ ገዳይ ቤዛ አይወሰድም። ዳዊት ለዚህ ጥፋት የሚያቀርበው በግ አልነበረውም፤ ምሕረት ላይ ከመውደቅ በቀር መንገድ አልነበረውም።

ታዲያ ናታን ኀጢአቱ እንደ ተወገደለት የነገረው በምን ፍትሕ ነው? ጳውሎስ በሮሜ 3፥25-26 የሚመልሰው ይህንን ነው። እግዚአብሔር ቀድሞ የተደረገውን ኀጢአት በትዕግሥት ያለፈው፣ ፍርዱ በክርስቶስ ደም ላይ ሊገለጥ ስላለው ነው። ዮሐንስም እግዚአብሔር ይቅር ሲል «ጻድቅ» ነው የሚለው ዕዳው ስለ ተከፈለ እንጂ ስለ ታለፈ አይደለም።

ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ዕዳ ተከፈለ ማለት ግን ከጎረቤት የወሰድነው ለእኛ ተተወ ማለት አይደለም። በዘሌዋውያን 6፥1-7 የሰረቀ ሰው ገንዘቡን አንድ አምስተኛ ጨምሮ ይመልሳል፤ መሥዋዕቱ ከዚያ ይቀጥላል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ አለ። ያንን ያለው ግን ኢየሱስ ቤቱ ሊገባ ከወሰነ በኋላ ነው፤ ካሳው ጸጋን አልገዛም፣ ጸጋ ካሳውን ወለደ።

የአንድ አምስተኛው ጭማሪ ምክንያት በጽሑፉ አልተገለጠም። እኔ የተረዳሁት ግን ከመጽሐፍ ይልቅ ከራሴ በደል ነው። በወጣትነቴ የመዘምራን ገንዘብ ያዥ ሳለሁ፣ ለአንዲት የታመመች እህት ሕክምና ከተዋጣው ወስጄ የቤት ኪራይ ከፈልሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማንም ሳያውቅ መለስሁት፤ በጸሎትም ተናዘዝሁ። ሰላም ግን አላገኘሁም። በመጨረሻ ለሽማግሌዎች ነገርሁ፤ እናቷም ዘንድ ሄድሁ። «ገንዘቡ ሲዘገይ ቀጠሮዋ አለፈ፤ ሦስት ሳምንት ሌሊቱን ሁሉ ስትቃትት ነው ያደረችው» አሉኝ። ገንዘቡ ሙሉ ነበር። ሌሊቶቹን ግን ከየት አመጣለሁ?

ሽማግሌዎቹ ለአንድ ዓመት ከአገልግሎት አገዱኝ። ያኔ ይቅርታ ከተደረገልኝ ለምን እታገዳለሁ ብዬ ተከራክሬአለሁ። ዛሬ ትክክል እንደ ነበሩ አምናለሁ። ስርየት በኑዛዜ ይገኛል፤ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 የተጠየቀው መታመን ግን ጊዜ ይፈልጋል። እግዚአብሔር ዳዊትን ይቅር ብሎታል፤ ሰይፍ ግን ከቤቱ አልራቀም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ቀን ከሽማግሌዎቹ አንዱ እናትየዋን «ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉ» ሊሏቸው ሲጀምሩ፣ ሌላው እጃቸውን ይዘው «ተዉአቸው፣ በራሳቸው ጊዜ ይሁን» አሉ። እኔ ያን ሰዓት ቃሉን ከአፋቸው ለመስማት ቸኩዬ ነበር፤ የቸኮልሁትም ለእርሳቸው ሳይሆን ለራሴ ዕረፍት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ እናትየዋ ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ ቡናው ቀርቦ ነበር፤ ልጃቸውም ከጎናቸው ተቀምጣለች።