ልጁ ሲያለቅስ መኪናው ይቁም

ከአፉላ እስከ ኤይላት በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑም የሚያርፈው ከኤይላት 18 ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ራሞን ስለሆነ፣ ልጅ የበዛበት ቤተሰብ በመኪና መሄዱን ቢመርጥ አያስደንቅም።

ችግሩ የሚመጣው ሕፃኑ ሲያለቅስ ነው። አያት አንጀቷ አይችልምና «ፍቱልኝ፣ ልቀፈው» ትላለች። በአገር ቤት ልጅ ያደገው በጀርባ ታዝሎ ነው። ነገር ግን መኪና ሲጋጭ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ የማንም ክንድ አይዘውም። የእስራኤል ሕግም ትንንሽ ልጆች በልጆች መቀመጫ እንዲታሰሩ ያዛል።

ስለዚህ መኪናው ይቁም እንጂ ልጁ አይፈታ። በየሁለት ሰዓቱ፣ ለምሳሌ በኤን ቦኬክና በዮትቫታ፣ አርፎ ውሃ ማጠጣት ይበቃል። በተቆመበትም ልጅን ለአንድ አፍታም ቢሆን መኪና ውስጥ ብቻውን መተው አይገባም፤ ሙቀቱ ይገድላል።

አያት ከጎኑ ተቀምጣ፣ እጁን ይዛ ተረት ብታወራለት መንገዱ ያጥራል።