የትርኢት ዘርና የሥራ ዘር፦ ከአውሮጳ ውሾች እስከ ፎገራ ከብት

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ ከጥንት ጀምሮ በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። የዛሬ ጥቂት ዓመት አባቴ ከዚሁ ገበያ አንድ ወይፈን ገዙ። ጥቁርና ነጭ መልኩ የተዋበ፣ ሻኛው የተስተካከለ፣ ጠጕሩ የሚያብረቀርቅ ስለ ነበረ ያየው ሁሉ አደነቀው። ክረምት ገብቶ ቀንበር በተጫነበት ጊዜ ግን በዋልካው ጭቃ ላይ ሁለት ትልም ሳያወጣ ይተኛ ጀመር። ጎረቤታችን የነበራቸው ዳልቻ ወይፈን ደግሞ ቀንዱ የተንጋደደ፣ ጎኑ የገባ፣ ለዐይን የማይሞላ ሲሆን፣ ከጧት እስከ ቀትር ያለ ጅራፍ ያርስ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተራ የገበያ ስሕተት በሆነ ነበር። ነገር ግን የጎረቤታችን ወይፈን ለእርሻ ጎበዝ በመሆኑ ገና በልጅነቱ ተቀጠቀጠ፤ የኛው እርሻ ስላልሆነለት ኮርማ ሆኖ ከመንጋው ጋር ተለቀቀ። ዛሬ በመንደራችን መልካቸው ያማረ ጥጆች በብዛት ይታያሉ፤ ከዳልቻው የተወለደ ግን አንድም የለም።

እርግጥ ነው፣ ሁለት ወይፈኖች ስለ አንድ ዘር ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። ምናልባት የኛው በሚገባ አልተገራም፤ ምናልባትም መኖ ጎድሎት ነበር። ቢሆንም ጥያቄው ከአእምሮዬ አልጠፋም። ይኸውም፦ እንስሳን ለመልኩ ሲመርጡትና ለሥራው ሲመርጡት ከትውልድ በኋላ የሚገኘው ውጤት ምን ያህል ይለያያል? ይህን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየን የአውሮጳ ውሾች ታሪክ ስለ ሆነ፣ ከዚያ ተነሥቼ ወደ አገራችን ከብት ለመመለስ አስባለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. መልክ ቶሎ ይታያል፣ ሥራ ግን ይፈተናል

ማራባት ማለት መምረጥ ማለት ነው። አርቢው የትኛው ወንድ ከየትኛዪቱ ሴት ጋር እንዲገናኝ በመፍቀዱ ወይም በመከልከሉ ብቻ የሚመጣውን ትውልድ ይቀርጻል። ሆኖም የሚመረጡት ጠባዮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም።

የጠጕር ቀለም ጥጃው በተወለደበት ቀን ይታያል። በውርስ ረገድም ቀለምን የሚወስኑት ዋና ዋና ጂኖች ቍጥራቸው አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ሜንዴል በ1866 ስለ አተር ባሳተመው ጥናት ካሳየው ሥርዓት ብዙም ሳይርቅ ነው። የመሥራት ችሎታ ግን እንዲህ አይደለም። ጉልበት፣ ትዕግሥት፣ የሰኮና ጥንካሬ፣ በሽታን መቋቋም እያንዳንዳቸው በብዙ ጂኖች የሚወሰኑ ሲሆኑ፣ መኖ፣ ጤንነትና አገራር ደግሞ በላያቸው ይጨመራሉ። ስለዚህ እንስሳው ለሥራ መልካም መሆኑን ለማወቅ ዓመታት መጠበቅና መፈተን ያስፈልጋል። ለመልክ መምረጥ ቀላል፣ ለሥራ መምረጥ ከባድ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ሰውም ብዙ ጊዜ ቀላሉን መንገድ ይከተላል።

2. የውሾች ምስክርነት

በ1859 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ የአደን ውሾች ለውድድር ቀረቡ፤ የዘመናዊው የውሻ ትርኢት መጀመሪያ ይህ እንደ ሆነ ይነገራል። በ1873 ደግሞ የውሾችን የዘር መዝገብ የሚይዘው ኬነል ክለብ የተባለው ማኅበር በሎንዶን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዘር ቁመቱ፣ ጆሮው፣ ጅራቱና ቀለሙ ምን መምሰል እንዳለበት በጽሑፍ ተወሰነ፤ ዳኞችም ውሻውን ከዚያ ጽሑፍ ጋር እያስተያዩ ሽልማት ይሰጡ ጀመር።

በዚያው በ1873 በዌልስ ውስጥ በባላ ከተማ ሌላ ዓይነት ውድድር ተደረገ። በዚህኛው የተፈተነው የውሻው መልክ ሳይሆን በጎችን የመንዳት ችሎታው ነበር። ያሸነፈውም ትዊድ የተባለ፣ ጄምስ ቶምሰን የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ውሻ ነው። እንግዲህ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ዓመት ጎን ለጎን ተከፈቱ ማለት ይቻላል።

ዛሬ ቦርደር ኮሊ የሚባሉት የበግ ውሾች በብዛት የዘር ሐረጋቸው የሚቈጠረው በ1893 በሰሜን እንግሊዝ ወደ ተወለደው ሄምፕ ወደ ተባለ ውሻ ነው። ሄምፕ የተፈለገው በጎችን ሳይጮኽና ሳይነክስ፣ በዐይኑና በአረማመዱ ብቻ ስለሚነዳ ነበር። በ1906 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የበግ ውሾች ማኅበርም ለውሻው የተወሰነ መልክ አላወጣለትም፤ የዘር ሐረጉ የማይታወቅ ውሻ እንኳ በሥራ ተፈትኖ ካለፈ ወደ መዝገቡ የሚገባበትን በር ክፍት አድርጎ አቈይቶታል። ስለዚህ በ1995 የአሜሪካ የውሻ ማኅበር ቦርደር ኮሊን በትርኢት ዘርነት በተቀበለ ጊዜ፣ ውሾቹን በሥራ የሚያውቁት ባለቤቶች አጥብቀው ተቃወሙ። የተቃወሙትም፣ ዳኛው በጠጕሩና በራሱ ቅርጽ ከመረጠው ውሻው ከጥቂት ትውልድ በኋላ በግ መንዳቱን ይረሳል ብለው ስለ ሠጉ ነው።

ሥጋታቸው ምሳሌ የሌለው አልነበረም። የጀርመን እረኛ ውሻ የተባለውን ዘር በ1899 የመሠረተው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን፣ የዘሩ መለኪያ አገልግሎት መሆን እንዳለበት ያስተምር ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ዘሩ በሁለት ተከፈለ። ፖሊስና ወታደር የሚፈልጉት ወገን ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ፈጣንና ደፋር ሲሆን፣ ለትርኢት የሚረባው ወገን ጀርባው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ሄደ። በ2016 ክራፍትስ በተባለው ታላቅ የእንግሊዝ ትርኢት ላይ ከዘሩ አንደኛ የወጣችው ውሻ አረማመዷ አስቸጋሪ ሆኖ ስለ ታየ በሕዝብ ዘንድ ብዙ ክርክር ተነሣ።

ለዚህ መለያየት ሁለት ምክንያት እናገኛለን። አንደኛው፣ ያልተመረጠ ጠባይ ሳይታወቅ መላላቱ ነው። ሥራን የሚፈትን ከሌለ ሰነፉም እንደ ጎበዙ ይወልዳል። ሁለተኛው፣ ሽልማት ያገኘ አንድ ወንድ እጅግ ብዙ ሴቶችን ስለሚያጠቃ፣ ከውበቱ ጋር የተሰወረ ጉድለቱም በዘሩ ሁሉ ይሠራጫል።

ሆኖም ፍርዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያዘነብል መጠንቀቅ ይገባል። ለሥራ የተመረጠ ውሻ ሥራ ከሌለው በከተማ ቤት ውስጥ ዕረፍት አያገኝም፤ ባለቤቱንም አያሳርፍም። የትርኢት አርቢዎችም ቢሆኑ የዘር ሐረግን በጥንቃቄ መዝግቦ በመያዝ ለዕውቀት ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል።

የኛ አገር የገጠር ውሻ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ሌሊት ጅብን፣ ቀን ቀበሮን ይጠብቃል እንጂ የሚያገናኘው ሰው የለውም፤ ራሱ እንደ ወደደ ይራባል። በአገራችን ሰው በእጁ መርጦ ዘሩን የሚለውጠው እንስሳ ከብት ስለ ሆነ፣ የውሾቹ ታሪክ የሚያስተምረንን በከብቱ ላይ ማየት ይሻላል።

3. የፎገራ ከብት

የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ የሆነ አገር ነው። በስሙ የሚጠራው ከብት ረግረጉን፣ ዝንቡንና ውሃ ወለድ ተውሳኩን ችሎ የሚኖር፣ ጠባዩ ገር፣ ለእርሻም ለወተትም የሚሆን ዘር ነው። አጥኚዎች ዜንጋ ከሚባለው፣ በዜቡና በሳንጋ መካከል ከሚገኘው ወገን ይመድቡታል። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው፣ በ1964 የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ ይህን ዘር ሲያጠና ቆይቷል። በመተከል የነበረው የእርባታ ጣቢያም ንጹሑን የፎገራ ዘር ከመጠበቅ ጋር፣ ከፍሪዥያን የተዳቀሉ ጊደሮችን ለገበሬዎች ያከፋፍል ነበር።

የንጹሑ ዘር ቍጥር ግን በእጅጉ ቀንሷል። የግጦሹ መሬት ለሩዝና ለሌላ አዝመራ ታርሷል፤ ከደጋ የሚመጡ ከብቶችም በሰፊው ተቀላቅለውበታል። ስለዚህ ንጹሑን ከድብልቁ መለየት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው የሚለይበት ምልክት ደግሞ ጥቁርና ነጭ መልኩ ነው። እዚህ ላይ የትርኢት ውሻ ስሕተት ወደ ሜዳችን ይገባል። ጥቁርና ነጭ የሆነ ከብት በደጋም አለ፤ ፍሪዥያንም ጥቁርና ነጭ ነው። በመልኩ ብቻ ፎገራ ብለን የምናረባው ጥጃ በረግረግ ውስጥ መቆምን ከአያቶቹ ያልወረሰ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ከብት ከውሻ የባሰ ችግር አለበት። በባላ ያሸነፈ ውሻ ካሸነፈ በኋላ ሊወልድ ይችላል። የሚያርስ በሬ ግን ይቀጠቀጣል። ከወይፈኖች መካከል ገሩና ጠንካራው ቶሎ ወደ ቀንበር ወይም ወደ ገበያ ሲሄድ፣ ማንም ያልፈለገው ኮርማ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው ሥራን ይወዳል፤ ሳያስበው ግን የሥራን ዘር ያጠፋል።

4. ምን ይደረግ?

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። በመጀመሪያ፣ ጎበዝ የሆነውን ወይፈን ጥቂት ዓመት አርሶና ጥጆች ወልዶ ከታየ በኋላ መቀጥቀጥ ይቻላል፤ ዘግይቶ መቀጥቀጥም ለብዙ ገበሬዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የተቀጠቀጠው በሬ ራሱ ባይወልድም ወንድሙና የእናቱ ልጆች ከጂኖቹ ከፊሉን ይካፈላሉና፣ ኮርማ ሲመረጥ «መልኩ እንዴት ነው?» ከማለት በፊት «ወንድሞቹ እንዴት ያርሳሉ? እናቱስ ምን ያህል ትታለባለች?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በሦስተኛ ደረጃ፣ በየቀበሌው አንድ ደብተር ተከፍቶ የኮርማው ወላጆችና የልጆቹ ሥራ ቢመዘገብ፣ ኮርማዎችም በየጊዜው ከመንደር መንደር ቢለዋወጡ፣ ዘመድ ከዘመድ መገናኘቱም ይቀንሳል። ይህን ደብተር ለመያዝ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት ይበቃል። እኛ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ልንጀምረው እንችላለን።

«ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ነበር። በዚህ ነገር ግን ሳሩን ያየው ባለቤቱ ነው። እኔም ያን ውብ ወይፈን ካደነቁት መካከል አንዱ እንደ ነበርሁ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ አባቴ ከመግዛታቸው በፊት ምክር ሲጠይቁኝ «ይህን ይግዙ» ያልኋቸው እኔ ነኝ።